የንግሥቲቱ አፍ

ሰው ስታናግር ዓይን አታይም፤ ከንፈር ነው የምታየው። ሻጭ ዋጋ ሲነግራት፣ ጎረቤት ሰላም ሲላት፣ ባሏ ከሥራ ገብቶ «ደከመኝ» ሲላት ዓይኗ የሚያርፈው አፍ ላይ ነው። የሷም ከንፈር ሳይታወቃት አብሮ ይላወሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ሰው ጆሮዋ የማይሰማ ይመስለዋል። ጆሮዋስ ደህና ነው፤ እንዲህ ያደረጋት ሥራዋ ነው።

የውጭ ፊልም ላይ በአገሬው ቋንቋ ድምፅ ታለብሳለች። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ስድስቱን ዓመት ንግሥት ሆና ኖራለች። ወንዞች የሚናገሩበት፣ ጥላቸውን የሸጡ ፈረሰኞች የሚጋልቡበት፣ አንድ የሸመገለ ንጉሥ ዙፋኑን ለማን እንደሚያወርስ ሳይወስን አራት ምዕራፍ ሙሉ አልጋው ላይ የሚያቃስትበት ተከታታይ ድራማ ነው። ወራሾቹ ሁለት ናቸው፤ ከፊተኛዋ ሚስት የተወለደው ታላቅየውና የንግሥቲቱ አንድ ልጅ። ንጉሡ በአራተኛው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ፣ ሊናገር አፉን እንደከፈተ፣ ክልትው አለ።

ሰፈሩ እሷን የሚጠራት «እቴጌ» እያለ ነው።

«እቴጌ!» ይላታል የማዕዘኑ ፀጉር አስተካካይ፣ መቀሱን አንጠልጥሎ ወደ በሩ ብቅ ብሎ። «ዙፋኑ ለማን ሊሆን ነው? ለኛ ብቻ ሹክ በይን እንጂ!»

«ለልጄ ነዋ! ለማን ሊሆን ኖሯል?»

የራሷ ልጅ የላትም። ይህን ማንም አያነሳባትም፤ እሷም «ልጄ» ስትል ድምፅዋ አይሰናከልም።

ስቱዲዮው ከአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ሥር ያለ ምድር ቤት ነው። ግድግዳው የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለጥፎበታል። ላይ ያለው አናጢ መጋዙን ሲያስነሳ ቀረጻ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ሁሉም «ጆሮ» የሚሉት ዝምተኛ ድምፅ ቀጂ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድባል። ለወጣት ሴት የሚሆኑትን ድምፆች ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ አዲስ የመጡት ወጣት ተዋናዮች ወስደዋቸዋል። ለሷ የቀረችላት ንግሥቲቱ ነች። የቤቱ ልማድ ደግሞ የየምዕራፉ ውል የሚፈረመው የመጀመሪያው ክፍል በታየ ማግስት ነው። ስለዚህ በየምዕራፉ መግቢያ፣ ያች አንዲት ክፍል እስክታልፍ ድረስ፣ ሥራ ይኑራት አይኑራት አታውቅም።

የአምስተኛው ምዕራፍ የመጀመሪያ ክፍል የተቀዳው ከመታየቱ ሁለት ወር ቀድሞ ነበር። የድራማው ባለቤቶች ምስጢር እንዳይወጣባቸው ክፉኛ ስለሚፈሩ፣ የሚልኩት ምስል ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። ከጥቁሩ መሃል አንዲት ክብ ቀዳዳ ትከፈታለች፤ በሷ ውስጥ የሚታየው የተናጋሪው አፍ ብቻ ነው። ፊት የለ፣ እጅ የለ፣ ቤት የለ። የክፍሉ መጨረሻ ላይ የምትመጣው ትዕይንት ደግሞ የባሰች ነበረች፤ የዋናዋን ተዋናይት ድምፅ እንኳ አልላኩም። የመጣው አንድ አፍና አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ «ልጄ፣ ዘውዱ አማረብህ።»

ቀዳዳዋ ተከፈተች። የንግሥቲቱ ከንፈር ወደ ሁለት ጎን ተለጠጠ። ጥርሷ ታየ። አገጯ ተንቀጠቀጠ።

«ነገሠልኝ!» አለች፣ ማይኩ መከፈቱን ረስታ።

ከዚያ ቃሏን ተናገረች። ደስታዋ ከሆዷ ፈንቅሎ ወጣ፤ «አማረብህ» የምትለዋ ቃል ጫፏ ላይ ሳቅ ሆነች፤ ሳቋም በረጅሙ ተንከተከተ። ድምፅ ቀጂው ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ላይ ገለጥ አደረገ።

«እትዬ፣ በጣም ጥሩ ነው። ግን አንድ ጊዜ ደግሞ ቀዝቀዝ አድርገን በሐዘን እንያዘው፤ ለማንኛውም።»

«የምን ሐዘን? ልጇ ነግሦላት!»

«ፊቷ አይታይማ።»

«ስድስት ዓመት አፏ ውስጥ ኖሬያለሁ። ፊቷን ላንተ ትቼልሃለሁ።»

ከጥጉ ወንበር ላይ ደንገጡሯ ነበረች። የንግሥቲቱን ደንገጡር ድምፅ የምታለብስ ወጣት ነች፤ አራት ምዕራፍ ሙሉ «እሺ እመቤቴ» እና «መጡ እመቤቴ» ከማለት አላለፈችም። «እኔ እንጃ እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «አገጯ አላማረኝም።»

«አንቺ ትሪሽን ይዘሽ ቁሚ!»

ሁሉም ሳቀ፤ ደንገጡሯም ሳቀች። የቀረጻው አዘጋጅ ሰዓቱን አየ። ላይ ቤት መጋዙ ጮኸ። «ይበቃል፤ እንለፍ» አለ።

ድራማው በዓለም ሁሉ በተመሳሳይ ደቂቃ ነበር የሚጀምረው፤ እዚህ ሲደርስ እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆነ። ስቱዲዮው ሠራተኞቹን ከነቤተሰባቸው ጠራ። ወንበር ከላይ ከአናጢው ተዋሱ፤ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት በየመደገፊያው ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ከፊት ረድፍ የቴሌቪዥን ጣቢያው ኃላፊ፣ አንዲት ቀጭን ሴትዮ፣ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እቴጌ ከባሏ ጋር መሃል ላይ ነች። ባሏ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ እጁን እስከ ክርኑ ፈትጎ ታጥቦም ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር አለቀቀውም።

«የንግሥት ባል ሆኜ ስድስት ዓመቴ ነው» አለው አጠገቡ ለተቀመጠው ለጆሮ። «እስካሁን አንዲት በቅሎ እንኳ የሸለመኝ የለም።»

«ዛሬ ልጅህ ከነገሠ ሠረገላ አታጣም።»

እሷ ክንዱን ቆንጠጥ አድርጋ ዝም አሰኘችው። ድራማው ጀመረ። ያ ሁሉ ጥቁር ተገፎ ማየት ምንኛ ይደንቃል! ማይኩ ፊት ስድስት ዓመት አፏን ብቻ ስታሳድድ የኖረችላት ሴት፣ እዚህ ስትታይ አንገት አላት፤ ትከሻ አላት፤ መስኮት ላይ ቆማ የምታየው ጉም አላት። ክፍሉ እየገፋ ሲሄድ ልቧ ሞቀ። ድምፅዋ ከከንፈሩ ጋር አንዳች አልተላለፈም። ደንገጡሯ ከኋላ ወንበር ሆና «ልክክ ብሏል እትዬ» ብላ አንሾካሾከችላት።

የመጨረሻው ትዕይንት መጣ። ረጅም አዳራሽ፣ ሻማ፣ ከዳር እስከ ዳር የቆመ መኳንንት። ንግሥቲቱ ዘውዱን በሁለት እጇ ይዛ ትራመዳለች። ዙፋኑ ጋ ደረሰች፤ ባዶ ነበር። አልፋው ሄደች። ከዙፋኑ ጀርባ ድንጋይ ላይ ልጇ ተጋድሟል፤ አንገቱ በነጭ ጨርቅ ተጠምጥሟል፤ ጨርቁ በአንድ በኩል ቀልቷል። ንግሥቲቱ ተንበረከከች። ዘውዱን በሬሳው ራስ ላይ አኖረችው። ከንፈሯ ወደ ሁለት ጎን ተለጠጠ። ጥርሷ ታየ።

«ልጄ፣ ዘውዱ አማረብህ!» አለ የእቴጌ ድምፅ፣ በደስታ ፍንድቅ ብሎ። ከዚያ ሳቁ መጣ። በረጅሙ።

ከኋላ አንድ ሰው አፍኖ የያዘው ነገር በአፍንጫው አመለጠው፤ ሌላው ተከተለው። በዚያው ቅጽበት ከመንገዱ ማዶ ካለው መጠጥ ቤት፣ ያንኑ ድራማ ያይ ከነበረው ሕዝብ፣ የሳቅ ጎርፍ ተነሥቶ በጠባቧ መስኮት ገባ። የጣቢያዋ ሴትዮ ስልክ ጭኗ ላይ መንዘር ጀመረ፤ አላቆመም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ባሏ ቦርሳዋን ተሸክሞላት ተራመደ።

«ሰው ይረሳዋል» አላት።

«አንተ ስቀሃል?»

«እኔ?» ቆመ። «ትንሽ። ደንግጬ ነው።»

ገና ቤታቸው ሳይደርሱ ያች ሳቅ በሰው ሁሉ እጅ ላይ ነበረች። ከአንዱ ስልክ ወደ አንዱ ትዘላለች፤ ልጆች በየደጁ «ዘውዱ አማረብህ!» እየተባባሉ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሲያያት «እቴጌ» ሳይላት ወደ ውስጥ ገባ። ከሁሉም የጎዳት ይህኛው ነው።

ሰኞ ጠዋት፣ ውል በሚፈረምበት ሰዓት፣ ስቱዲዮ ደረሰች። አዘጋጁ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

«አንተ ልጅ፣ አትቁምልኝ። ክፈትልኝና አስተካክዬ ልቅዳው።»

«ለድጋሚው ስርጭት እናስተካክለዋለን፣ እትዬ።»

«በማን?»

አዘጋጁ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብዕር አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «ጣቢያው ነው የወሰነው። ሰው ከእንግዲህ ያንን ድምፅ በሰማ ቁጥር ይስቃል አሉ። ንግሥቲቱ ደግሞ በዚህ ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር ታለቅሳለች።» ቀጥሎም «ለገበያውና ለጦርነቱ ትዕይንት ጩኸት እንፈልጋለን፤ ከሕዝቡ ጋር…» አለ፤ ሳይጨርሰውም ተወው።

መከራከር ትችል ነበር። ግን እውነታቸውን ነው። እሷን ራሷን ማታ ተኝታ ሳለ ያች ሳቅ በጆሮዋ እየመጣች፣ ከእንባዋ መሃል ፈገግ አሰኝታታለች።

«አንዴ በትክክል ልበላት» አለች። «አየር ላይ ባትውልም።»

ጆሮ ማንንም ሳይጠይቅ ማይኩን ከፈተ። ገባች። በዚህ ጊዜ ምስሉ ሙሉ ነበር፤ ልጁም፣ ድንጋዩም፣ ሻማውም። «ልጄ» አለች። «ዘውዱ አማረብህ።» ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቃላቱን አንድ በአንድ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ አስቀመጠቻቸው። ድምፅ ቀጂው ማዳመጫውን አውልቆ ግድግዳው ላይ ያሉትን ካርቶኖች ያይ ጀመር። አዘጋጁ «እንዲህ ነበር…» አለ። የሚለወጥ ነገር ግን አልነበረም።

ስትወጣ ደንገጡሯ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እትዬ፣ ንግሥቲቱን ውሰጂ ሲሉኝ እምቢ ብያቸው ነበር።»

«ነበር?»

ደንገጡሯ አንገቷን ደፋች። «ቤት ኪራይ…» ብላ ጀመረችና ተወችው።

«ይሁን። ማን ይውሰዳት ታዲያ፣ የማላውቃት ልትወስዳት ነው?» ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። ወደ ጆሮ ዞረች። «አሁን የቀዳኸውን አሰማት። «አማረብህ» ላይ ትንፋሽ እንዳትወስድ ንገራት፤ ከወሰደች ከንፈሩ ይቀድማታል።»

«እሺ እመ…» አለች ደንገጡሯ፣ ከልማዷ የተነሣ፤ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

እሷ ቦርሳዋን አነገተች። ደረጃውን አንድ አንድ እየረገጠች ወጣች፤ የተላጨ እንጨት የተከመረበትን በር አልፋ መንገዱ ዳር ቆመች። መኪና እስኪያልፍ ጠበቀች። ተሻገረች። በፀጉር አስተካካዩ በር አልፎ ወደ ቤቷ የሚወስደው መታጠፊያ ጋ ስትደርስ አልታጠፈችም፤ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ሰዎቹ መሃል ጀርባዋ ጥቂት ጊዜ ታየ፣ ከዚያም ከሌሎች ጀርባዎች አልተለየም።