ድምፅ ቀለም በነበረው ቤት

ልጅ ሳለሁ የድምፅን ቀለም የማያይ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። የእናቴ ጥሪ ብርቱካናማ ነበር፤ የጎረቤታችን ሳል አረንጓዴ፤ በራችን ሲጢጥ ሲል ደግሞ ነጭ ክር ይመዘዝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ሳር አረንጓዴ ነው ብሎ ለሰው የሚያወራ ማን አለ?

ኮምቦልቻ ነበርን። ያኔ መብራት ሲያሻው የሚመጣ፣ ሲያሻው የሚቀር እንግዳ ነበርና የምናመሸው በፋኖስ ነው። የእናቴ አጎት ጋሽ ይማም ከከሰል ማንደጃው አጠገብ ተቀምጠው የበቆሎ እሸት እየጠበሱ ተረት ይነግሩናል፤ የሰፈሩ ልጅም ጢሱ ዓይኑን እያስለቀሰው ንቅንቅ አይልም። ጋሽ ይማም ወጣትነታቸውን በቅሎ ሲነግዱ ያሳለፉ፣ አንድ ሰው ብቻ ሆኖ መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ጅብ ሲሆኑ ጅብ ናቸው፤ አህያ ሲሆኑ ጆሯቸው ሳይቀር የረዘመ ይመስላል። እኔ ደግሞ ከፍሙ በላይ፣ ጢሱ መሐል፣ የእያንዳንዱ አውሬ ድምፅ በየቀለሙ ሲያልፍ አያለሁ።

አንድ ምሽት ጅቡ የአህያይቱን በር አንኳኳ። አክስቷን መስሎ፣ ድምፁን አቅጥኖና አለስልሶ፣ ክፈቺልኝ የኔ ልጅ፣ ብርዱ ጨረሰኝ አላት። ድምፁ ቀጥኗል፤ ቀለሙ ግን ያው የቅድሙ የጭቃ ቀለም ነው። አህያይቱ መቀርቀሪያውን ስትይዝ አላስቻለኝም።

«አትክፈቺ! ቀለሙ የጅቡ ነው» ብዬ ጮህኩ።

ልጆቹ ሳቁ። ጋሽ ይማም ግን አልሳቁም፤ በቆሎውን ከፍሙ ላይ አንስተው የምን ቀለም እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም የተጠየቀ ልጅ ነኝና የጅቡን ነገርኳቸው፣ የአህያይቱን ነገርኳቸው፣ ቀጥዬም የቤቱን ሰው ድምፅ በየተራ መዘርዘር ያዝኩ። ያቆምኩት እናቴ ጭኔን ስትቆነጥጠኝ ነው። ከሰሉ ብቻ ይንጣጣል። እሱም ቀለም ነበረው፤ እሱን ግን ዋጥኩት።

በማግስቱ እናቴ ጂን ተጠግቷታል ብላ ወደ አንድ ሸህ ወሰደችኝ። አልፈርድባትም፤ ልጇ ሰው የማያየውን አያለሁ ስትል ምን ታድርግ? ሸሁ ራሴን ይዘው ቁርኣን ቀሩብኝ። ወላሂ፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ ሰማያዊ አላየሁም፤ ከላይ እስከ ታች እንደ ሐር ይፈሳል፣ ጠርዙ ወርቅ ነው። ሊያድነኝ የመጣው ነገር ራሱ ከሁሉ የሚያምር ቀለም ይዞ መጣ፤ ለማን ይነገራል? ቁርኣን አንብበው እፍ ያሉበትን ውሃ አጠጡኝና ለቀቀሽ ወይ አሉኝ። እናቴን አየኋት፤ የሻሿን ጫፍ ጨብጣ አፍ አፌን ታያለች። ለቀቀኝ አልኩ።

የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እናቴ እንዳያገረሽባት ብላ፣ ሲተርኩ ድምፃቸውን እንዳይለውጡ ጋሽ ይማምን ለመነቻቸው፤ እሳቸውም ቃላቸውን ጠበቁ። ጅቡም አህያይቱም ጦጣውም በአንድ ድምፅ መናገር ጀመሩ፤ የቀበሌ ማስታወቂያ የሚነበብ ነበር የሚመስለው። ያ ሁሉ ቀለም ዐመድ ሆነ። ልጆቹ አንድ በአንድ ቀሩ። በመጨረሻ ማንደጃው ፊት እኔና እሳቸው ብቻ ቀረን፤ እሳቸው እሸቱን ያገላብጣሉ፣ እኔ እጃቸውን አያለሁ፤ ለምን ብቻችንን እንደሆንን ሁለታችንም እናውቃለን።

ትምህርት ቤት ብዙ አልዘለቅኩም። ማንበብ የለመድኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ፣ ፊደሉን በቀለሙ እየለየሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ። ይህ ነገር ሲነስቴዥያ የሚባል ስም እንዳለው፣ በሽታም እንዳልሆነ ያወቅኩት እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሆፕኪንስ የምትባል ከተማ ከመጣሁ በኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍት ከተዋስኩት መጽሐፍ ነው። አነበብኩ፣ መጽሐፉን መለስኩ፣ አፌን ዘጋሁ።

ዘንድሮ ቅጠሉ መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ልጄ ሃናን ለኮሌጅ ማመልከቻ ኤሴይ የሚሉትን ድርሰት የምትጽፍበት ጊዜ ደረሰ። እኛ ዘንድ ኤሴይ የሚጻፈው በቤተ ዘመድ ጉባኤ ነው። ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ሱቅ ያለው ወንድሜ ከድር፣ የእናትሽን ስቃይ ጻፊ፣ ፈረንጅ የሚወደው እሱን ነው ብሎ መከራት። የሱ ልጅ በአባቱ ስቃይ ኮሌጅ ገብቷል፤ የከድር ትልቁ ስቃይ ግን ፓርኪንግ ማጣት ነው።

እሷ የጻፈችው ሌላ ነገር ነበር። ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ቆማ በእንግሊዝኛ አነበበችልኝ። ድምፅ ስትሰማ ቀለም ታያለች፤ ሒሳብ ክፍል ቁጥሮቹ በቀለም እየተጣሉ ያስቸግሯታል፤ በቤታችን ደግሞ እንዲህ ያለው ሰው እሷ ብቻ ናት።

ቢላዋዬ ቆመ። እኔም አያለሁ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ የወጣው ግን የእናቴ ፍርሃት ነው። ይህን እንዳትልኪ፣ በሽተኛ ናት ይሉሻል፣ አጎትሽ ያለሽን ጻፊ አልኳት።

«እማ፣ በሽታ አይደለም» አለችኝ፣ ስትናደድ ብቻ በምታወጣት አማርኛዋ።

«አንቺ ታውቂያለሽ፤ እነሱ ያውቃሉ?»

ከዚያ ወዲያ እግሬ አላርፍ አለ። ኩን ራፒድስ በምሠራበት የልብስ መደብር ያጣጠፍኩትን ፈትቼ መልሼ አጣጥፋለሁ፤ ድራይቭ ሳደርግ ከአውራ ጎዳናው መውጫዬን አልፋለሁ፤ ቤት ስገባ ያልቆሸሸ ምድጃ እፈትጋለሁ። መላኪያው ቀን ሲደርስ ሃናን ላፕቶፗን ይዛ መጣች፤ እንዳላችሁት አድርጌ ጻፍኩት ብላ ማንበብ ጀመረች። «የእናቴ እጆች፣ የእናቴ ስደት፣ የእናቴ እንባ።» አልቅሼው የማላውቀውን ሁሉ ድርሰቷ ውስጥ አልቅሼ ነበር። ቃሉ ያምራል። ድምፅዋ ግን፣ ከተወለደች ጀምሮ የማውቀው ያ የሎሚ ቢጫ ድምፅዋ፣ ዐመድ ሆኖ ከአፏ ሲወጣ አየሁት። በዓይኔ ነው ያየሁት።

«በቃ፣ አቁሚ» አልኳት። «ድምፅሽ ቢጫ ነበር። አሁን ዐመድ ሆኗል።»

የቀለድኩባት መስሏት አፈጠጠችብኝ። ከዚያ እንደ መርማሪ ድንገት፣ «ሰኞ ምን ቀለም ነው?» አለችኝ።

«ቡናማ።»

«ሰኞ ቀይ ነው፣ እማ።»

«የት አባቱ ቀይ ይሆናል? ቀዩ ሐሙስ ነው።»

ሳቀች። ሳቋ ግን መንገድ ላይ ተሰበረና ዓይኗ ሞላ።

«ትንሽ ልጅ ሆኜ ያበድኩ እየመሰለኝ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አለቅስ ነበር» አለችኝ። «አንቺ እዚሁ ነበርሽ።»

ከጎኗ ተቀምጬ የኮምቦልቻውን ምሽት፣ ሸሁን፣ ያን ሰማያዊ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ጋሽ ይማም ራሳቸውስ ያዩ ነበር ወይ? ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን አፈር ለብሰዋል፤ አይጠየቁም።

ሃናን የመጀመሪያውን ኤሴይ አወጣችና አንድ አረፍተ ነገር ለወጠች። በቤታችን ሁለት ነን፣ አንዳችን ግን አርባ ዓመት ዝም ብላ ነበር ይላል። ገበናዬን ለማላውቀው ሰው አታውጪ፣ ሁለተኛውን ግማሽ አጥፊው አልኳት።

«ሰብሚት አድርጌዋለሁ፣ ሄዷል» አለችኝ።

ይቀበሏት አይቀበሏት ገና አልሰማንም። እኔም አላረፍኩም፤ ዝም አሰኝቼ ያኖርኩት ቀለም ሁሉ ተነሥቶብኛል። ተረቶቹን በሙሉ አላስታውሳቸውም፤ ማን ማንን እንደበላ እንኳ ይምታታብኛል። የቀረኝ ነገር ቢኖር ያ፣ አይተው ለሰው ለመናገር የሚያጣድፍ ስሜት ነው፤ እሱ አላረጀም። ባቡር ደወሉን ሲያሰማ፣ በረዶ ጠራጊው መኪና አስፋልቱን ሲፍቅ፣ ሃናንን በክርኔ ጎሰም አድርጌ «ይሄስ?» እላታለሁ። ሁልጊዜ ትሳሳታለች።