የመላጥያ እሳት

የሻይ ቤቱ ባለቤት ልጅ ማልታን ጎብኝቶ ተመልሷል። ሞያሌ ላይ ዝናብ ይዘንባል፣ እርጥቡ እንጨት ይጨሳል፤ እሱ በስልኩ ፎቶ ያሳየናል። ጢሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ፣ ሳልወድ በሐሳቤ ልጅ ሆኜ ወደኖርኩበት ኬንያ ያለ ዋልዳ ስደተኞች ካምፕ ተመለስኩ።

ያኔም ይዘንብ ነበር። ሸራችን ያፈሳል። እናቴ እሳቱን እፍ ስትል ደክሟታል። አባቴ የጳውሎስን ታሪክ ያወራል፤ መርከቡ ተሰብሮ መላጥያ፣ ይቺው ማልታ፣ ሲደርስ የማያውቁት ሰዎች እሳት አንድደው አሞቁት አለን።

«እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» አልኩት።

«እዚያ የሚደረሰው መርከብ ሲሰበር ነው፣ ልጄ።»

እናቴ ቀና ሳትል «የእኛማ መች ተረፈና! ይልቅ ና እፍ በል፣ አንተ ሰውዬ» አለችው።

እኔ መርከብ እንዳለን ስሰማ ደስ አለኝ።

«ማልታ ላይ እሳት አነደዱልህ?» አልኩት ባለ ስልኩን።

«ቪዛ ነው የጠየቁኝ፣ ጋሼ!» ብሎ ሳቀ።

ማንበብ የተማርኩት ጎልምሼ ነው። ያንን የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ ፊደል እየቆጠርኩ ራሴ አነበብኩት። አባቴ ያልነገረን ነገር አለ፤ ጳውሎስ መላጥያ የቆየው ሦስት ወር ብቻ ነው፣ ከዚያ በሌላ መርከብ ሄደ። አባቴ ዋልዳ ተቀብሯል።