ከድንቼ ሥር ያለው ዘፈን

ቀጭኔ የባለ ሱቁን ሬዲዮ በጥፊ መታው። ሬዲዮው ከመደርደሪያው ወድቆ ሳሙናዎቹ ላይ ተንከባለለ እንጂ አልዘጋም። ዘፈኑ ቀጠለ፦

ድንቼ ድንቼ፣ የኔ ድብልብል፣
ላጥኩሽ ልበል ወይስ ቀቀልኩሽ ልበል።

«ምን ነካህ ሰውዬ!» ብሎ ጮኸ ባለ ሱቁ። ከዚያ የቀጭኔ አንገት ላይ የተጠመጠመውን ፋሻ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተ ነህ እንዴ? የራስህ ዘፈን እኮ ነው!»

«አይደለም» አለ ቀጭኔ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ድምፅህ ነው እኮ» አለ ባለ ሱቁ፣ እሱም እያንሾካሾከ።

ድምፁ ነበር። የተናደደውም ለዚሁ ነው።

ከሆስፒታል ከወጣ ገና ሳምንት አልሞላውም። ሐኪሞቹ ጉሮሮው ውስጥ የበቀለውን እባጭ ሲያወጡ ድምፁም አብሮ ሄደ። ሕይወቱን አተረፉለት፤ የተረፈው ግን ሹክሹክታ ብቻ ነው። ያናገረው ሰው ሁሉ መልሶ ያንሾካሹክለታል። ነርሷ፣ ጎረቤቱ፣ የሚስቱ እናት ሳይቀሩ። «ጆሮዬ ደህና ነው!» ብሎ መጮህ ያምረዋል። በምን ይጩህ?

የሚኖረው በድምፁ ነበር። በአውቶቡስ መናኸሪያው የድምፅ ማጉያ ክፍል ተቀምጦ የሚነሱትን አውቶቡሶች ሲጠራ ፀጉሩ ሸብቷል። ክፍሏ ቁም ሳጥን ታክላለች፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ማይክ፣ መስኮቱ ሥር የደረቁ ዝንቦች። ቀጭኔ ያሉት ሾፌሮቹ ናቸው፤ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መኪናውን በዓይኑ ሳያይ አይጠራም። «አሁን ይወጣል!» ይላል። ተሳፋሪው ነፍሱ እስኪወጣ ይሮጣል። አውቶቡሱ ግን እስኪጠቀጠቅ ድረስ ንቅንቅ አይልም።

በዕረፍት ቀኑ ኪቦርዱን ታቅፎ በየአዳራሹ ያስቅ ነበር። ሰው ሁሉ በሚያውቀው የፍቅር ዜማ ላይ ሌላ ግጥም ይጭናል። ገና ጀማሪ ሳለ ሌላ ቀልደኛ ስቱዲዮ በር ላይ ቆሞ ግጥሙን ለቀመና ቀድሞ መድረክ ላይ አወጣው። ቀጭኔ ተራው ደርሶ ሲዘፍን ሕዝቡ «ሌባ!» አለው። ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዘ። ስቱዲዮ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀዳው መያዣ ግጥም ነው፤ ለእውነተኛው ግጥም ቦታ የሚይዝ፣ ከዜማው ጋር ልክ የሚገጥም ቅራቅንቦ። ስለ ድንች፣ ስለ ቀዳዳ ካልሲ፣ ስለ ጎረቤት ድመት። ሙዚቃው ተሠርቶ ሲያልቅ፣ በመጨረሻው ቀን፣ በሩን ዘግቶ እውነተኛውን ይዘፍናል። እስከዚያ ግጥሙ ከጭንቅላቱ አይወጣም።

የመጀመሪያ አልበሙ ዘፈኖች በሙሉ በመያዣ ግጥም እንደተቀዱ ጉሮሮው ታመመ። የመጨረሻው ቀን ሳይመጣ ቀረ።

ስቱዲዮው የአማቹ ነው፤ የሚስቱ ታላቅ ወንድም። የከፈተው በቅርቡ ስለሆነ ልማዱን አያውቅም። ቀጭኔም አልነገረውም። ለዘመድ የተነገረ ሚስጥር ገበያ ላይ ተለፈፈ ማለት ነው ባይ ነው።

ከሱቁ በቀጥታ ወደዚያው ሄደ። አማቹ እጁን ዘርግቶ ከወንበሩ ተነሳ።

«ሰማኸው አይደል? ከተማው አብዷል እኮ!»

ቀጭኔ ተጠግቶ ጆሮው ሥር አንሾካሾከ። «ማን አውጣው አለህ?»

«ላስደስትህ ብዬ ነዋ» አለ አማቹ፣ እሱም በሹክሹክታ። «አንተ አልጋ ላይ ነህ፣ እህቴ ታለቅሳለች። እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

«መያዣ ነው።»

«ምኑ?»

«ድንቹ! ቦታ መያዣ ነው። ዘፈኑ ሌላ ነው።»

አማቹ ሊስቅ ጀመረና የቀጭኔን ፊት አይቶ ተወው። «ታዲያ በምን ልወቅ? እኔ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት።»

ከድንቼ ሥር ያለው ዘፈን ስለ ቀጭኔ ታናሽ ወንድም ነው። ወንድሙ የአውቶቡስ ረዳት ነበር። አንድ ምሽት እራት ላይ፣ «ጋሼ፣ የኛን ጉድ ሰማህ?» አለ። «ሾፌራችን ፍሬኑ አይዝም ቢል የመናኸሪያው ኃላፊ ‹በሽቦ እሰሩት› አይል መሰለህ! ከእንግዲህ ጉዟችን በሽቦና በጸሎት ነው።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀጭኔም ሳቀ፤ ልጁ እንደለመደው ጨማምሮ ያወራ መስሎት። በነጋታው ያንኑ አውቶቡስ «አሁን ይወጣል!» ብሎ ጠራው። አውቶቡሱም ወንድሙም ከቁልቁለቱ አልተመለሱም። ምርመራው ጥፋቱ የሾፌሩ ነው አለ። ሾፌሩ ሞቶ ስለነበር አልተከራከረም።

ኃላፊው ዛሬም ኃላፊ ነው።

ቀጭኔ ግጥሙን በአማቹ ጆሮ ከዳር እስከ ዳር አንሾካሾከለት። አማቹ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄ አያስቅም።»

«ወንድሜ አስቆበታል።»

«እሺ፣ በማን ድምፅ? አንተ… አትቀየመኝና፣ ድምፅ የለህም። ሌላ ሰው ይዝፈነው እንዳልል ማን ይደፍራል? ደግሞ ኃላፊው ራሱ ደውሎ አመስግኖኛል። መናኸሪያው ድንቼን ከጠዋት እስከ ማታ ነው የሚያጫውተው። ‹ተሳፋሪው ቢቆምም አይሰለቸውም› አለኝ።»

ቀጭኔ በሩን ወርውሮት ወጣ። ቢያንስ በር ይጮህለታል።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ሁሉንም በስልክ ሰምታለች።

«ወንድሜ ክፉ አይደለም» አለችው።

«ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

«አሁን ምን ልታደርግ ነው?»

«ማይክ አለ» አላት።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያው ሲደርስ ተሸካሚዎቹ ከሩቅ አዩት። «ድንቼ መጣ! ድንቼ!» ቀጭኔነቱንም ወስደውበታል። ጥርሱን ነክሶ በመሃላቸው አለፈ።

ክፍሏ ውስጥ በሱ ቦታ አውቶቡስ የምትጠራው ትኬት ሻጯ ነበረች። አብጠርጥራ ታውቀዋለች።

«ወንበርህን ልታስለቅቀኝ ነው?» አለችው።

«ሻይ ጠጥተሽ ነይ።»

«እስከዚያ ማን ይጥራ?» ድምፅዋ ወርዷል።

«እኔ።»

አየችው። የዚያን አውቶቡስ ትኬት በእጇ ቆርጣ የሸጠችው እሷ ናት። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፤ ቁልፉን በሩ ላይ ተወችለት።

ከውስጥ ቆለፈ። ግጥም የሌለበት የዘፈኑ ሙዚቃ መናኸሪያው በሚያጫውተው ካሴት ላይ ከድንቼ ቀጥሎ አለ። እሱን ከፈተ። ግቢው ዜማውን አወቀው፤ ተሸካሚዎቹ «ድንቼ ድንቼ» እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ። ቀጭኔ ከንፈሩን ማይኩ ላይ ለጠፈ። ሹክሹክታው በየምሰሶው ከተሰቀሉት ማጉያዎች ወጣ፤ በእያንዳንዱ ሰው ጆሮ ሥር ቆሞ የሚናገር ይመስል ነበር።

ፍሬኑ ሞተ ብሎ ሾፌሩ ቢናገር፣
በሽቦ እሰሩት አሉ፣ ምን አለው ችግር።
ሽቦዬ ሽቦዬ፣ አደራ እንዳትበጠስ፣
አለቃችን ሻዩን ጠጥቶ እስኪጨርስ።

ጭብጨባው ተቆራረጠ። አንድ ተሸካሚ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። ኃላፊው የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ መስኮቱ ላይ ብቅ ሲል ሳቁ ባሰበት። ከዚያ ደግሞ ባንዴ ቆመ። ሰልፍ የያዙት ሰዎች ወደ ኃላፊው ማየት ትተው ሊሳፈሩበት የነበረውን አውቶቡስ ጎማ ማየት ጀምረው ነበር።

ቀጭኔ ዘፈኑን ደገመው። ሦስተኛው ላይ ኃላፊው መብራት አስጠፋ።

ማጉያዎቹ ተዘጉ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ እንደቆመች ወደ ሾፌሩ ጎንበስ አለች። «ወንድሜ፣ የዚህስ ፍሬን በምንድነው የታሰረው?» ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና አውቶቡሱ ሥር ገባ። ሲወጣ ቁልፉን ከኃላፊው ቢሮ ፊት ለፊት መሬት ላይ ወረወረው። «ራሱ ይንዳው!» አለ። የሚቀጥለው ተራ ሾፌርም ሞተሩን አጠፋ።

ኃላፊው የድምፅ ማጉያውን ክፍል በር በሁለት እጁ ይደበድባል። «ክፈት! ክፈት ብዬሃለሁ! አንተ እብድ! ፖሊስ እጠራብሃለሁ!»

ቀጭኔ ለዓመታት ያጠራቀመውን ስድብ ሁሉ ሊያወርድበት አፉን ከፈተ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ዘጋው። ከወንበሩ ተነስቶ አፉን በሩ ስንጥቅ ላይ አደረገ።

«ሻይህ ቀዘቀዘ» አለው።

ድብደባው ቆመ። ኃላፊው ወደ ስንጥቁ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ።

«ምን አልክ?»