የአማቴ ሹራብ የታጠበ ዕለት

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለተኛው ክረምት ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብለን ቦሌ ሚካኤል ካለው ቤታችን አንዱን ክፍል ለቀቅንላቸው። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ሰው ማስቸገር የማይወዱ። ብርድ በሆነ ቁጥር ከላያቸው የማትለይ አንዲት ቡናማ የሱፍ ሹራብ ነበረቻቸው። ባለቤታቸው በእጃቸው የሠሩላቸው ናት።

ይህችን ሹራብ ገመድ ላይ ተሰጥታ አይቻት አላውቅም። «አባባ፣ የሚታጠብ ካለዎት ይስጡኝ» ስላቸው ሸሚዝና ካልሲ ብቻ ነው የሚያወጡት። እኛ ጋ ከመጡ ጀምሮ ውሃ ያልነካት መሰለኝ።

ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን፣ እኔ ፈቃድ ወስጄ ቤት በዋልኩበት ዕለት፣ ጋቢያቸውን ደርበው ሊያስቀድሱ ሲሄዱ ሹራቧን ወንበር ላይ ትተዋት ነበር። ደስ እንዲላቸው ብዬ አነሳኋት። በዚያው ሰሞን የገዛነው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከአንሶላዎች ጋር ከተትኳት፤ ቆሻሻው በደንብ እንዲለቅ ሙቀቱን ስልሳ ላይ አደረግሁት።

ማሽኑ ሲያቆም አንሶላውን ስስብ አንድ ጠንካራ ነገር መሬት ላይ ዱብ አለ። አንስቼ ገለጥኩት። ሹራቧ ናት። እንደ ምንጣፍ ደድራለች፤ ለሰባት ዓመት ልጅ እንኳን አትሆንም። በሁለት እጄ ይዤ ሳብኳት፤ ንቅንቅ አላለችም። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩበት።

ኦሎምፒያ ቢሮው ላለው ባለቤቴ ደወልኩ።

«እማዬ የሠራችውን?» አለኝ። «እስክመጣ ምንም እንዳትዪው።»

ግን አማቴ ቀድመው ደረሱ፤ ሹራቧም እጄ ላይ ነበረች። ይቅርታ ያድርጉልኝ ልል ስጀምር ተቀበሉኝና አገላበጧት። የአንገቷን ጥልፍ በጣታቸው ዳሰሱት።

«በሙቅ ውሃ ነው?»

«አዎ፣ አባባ። ይህን ያህል ጊዜ ሳትታጠብ ቆይታ…»

«በየወሩ አጥባታለሁ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «እናንተ ሥራ ስትሄዱ።»

ባለቤታቸው ከታመሙ በኋላ አልጋቸው ላይ ሆነው ነው አሉ ያስተማሯቸው፦ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሻምፖ፣ ማሸት የለም፣ መጠምዘዝ የለም፤ ከዚያ በፎጣ ጠቅልሎ ውሃውን ማስመጠጥና አልጋ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ። ገመድ ላይ ያላየኋት ለዚህ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ስለጠመዘዟት ባለቤታቸው እንደገና አሳጥበዋቸዋል። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተሰበረና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኒህን ሰውዬ በቀብሩ ዕለት እንኳን ሲያለቅሱ አላየኋቸውም ነበር።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን፣ እሱ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ሆነን ጎተትናት። አንድ ጣት ያህል እንኳን አልተለጠጠችም። «ተዉዋት፤ አንዴ ከገባች አትመለስም» አሉን አማቴ ከበራቸው ላይ ቆመው። ሁለት ቀን ከእኛ ጋር ገበታ አልቀረቡም። እኔም ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

እሑድ ጠዋት ጓዳ ሆኜ ሳለ የእኔን ነጭ የሱፍ ሹራብ ይዘው መጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሳፋውን አወረዱና በክርናቸው የውሃውን ሙቀት ለኩ።

«ነይ ላሳይሽ» አሉኝ።

ጎን ለጎን አጎነበስን። እጄ ልማዱ ሆኖ መጠምዘዝ ሲጀምር መታ አደረጉኝ።

«ተጫኚው እንጂ። እሷም እንዲህ ነበር የምትመታኝ።»

ይቅር ብዬሻለሁ ብለውኝ አያውቁም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። ያችኛዋ ቡናማ ሹራብ ከሸሚዞቻቸው ሥር ተጣጥፋ መሳቢያቸው ውስጥ አለች፤ ልብሳቸውን ሳስገባ አያታለሁ፣ አልነካትም።