ለሃያ ዓመት ልጅ የሰባት ዓመት ኮንትራት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ኦክላንድ ቤቴ ልብስ እያጠፍኩ ጋሽ በላቸው ደወሉልኝ። «ቶሎ ነይ! ልጄን ሊያስፈርሙት ነው» አሉኝ። ክው አልኩ... ፖሊስ የያዘው ነው የመሰለኝ።

ጋሽ በላቸው የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ሳን ሆዜ ነው የሚኖሩት፤ የኤርፖርት ሻትል ይነዳሉ። ልጃቸው ናሆም ደግሞ የሐበሻ ልጅ ሁሉ ኳስ ሲያሳድድ እሱ በረዶ ላይ እየተንሸራተተ ሆኪ የሚጫወት ጉደኛ ነው። ገና ሃያ ዓመቱ ነው። ትልቅ ክለብ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን መያዙ ሲሆን፣ ክለቡ አሁን የሰባት ዓመት ኮንትራት ልስጥህ ብሎታል። ብሩን እዚህ አልጽፈውም... ዜሮዎቹን በጣቴ እየነካሁ ነው የቆጠርኳቸው።

እኔን የጠሩኝ ወረቀት ስለማነብ ነው። ሊዝ ይሁን፣ ኢንሹራንስ ይሁን፣ የኢሚግሬሽን ፎርም ይሁን፣ የኛ ሰው እኔን ሳያስነብብ አይፈርምም። ደግሞ ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልደብቅም። ነፃ የሚል ማስታወቂያ ሳይ መጀመሪያ የምይዘው ቦርሳዬን ነው።

ሳን ሆዜ ደርሼ ጋሽ በላቸውን ከቤታቸው ይዣቸው ወጣሁ። መኪና ውስጥ እረፍት አልሰጡኝም።

«እኔ ስንት ዓመት ስነዳ የሚቀጥለውን ወር ሺፍት እንኳን አስቀድሞ የነገረኝ የለም። ጢሙን በቅጡ ላላበቀለ ልጅ የሰባት ዓመት ደሞዝ? ምን አስበው ነው? ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር!»

«የሆነ ነገርማ አለ ጋሼ» አልኩ። አጽናኚያቸው ተብዬ ጭራሽ አባባስኩት።

የተቀጠርንበት ምግብ ቤት ስንደርስ ናሆምና ውሉን የሚደራደርለት ኤጀንቱ ቀድመውን ተቀምጠዋል። ኤጀንቱ ዘናጭ ነው፤ ፈገግታው አያልቅም። ጋሽ በላቸው ገና ወንበር ሳይሞቃቸው «ዋሱ ማነው በይልኝ» አሉኝ።

ተረጎምኩ። ሰውየው ግራ ገባው። «ጠበቃ ማለታቸው ነው?»

«አይደለም። ክለቡ ቢክድ በሱ ፈንታ የሚከፍል ሰው ማለታቸው ነው። ሦስት ምስክርም ይፈልጋሉ።»

ኤጀንቱ ሳቀ። ጋሽ በላቸው አልሳቁም። እውነቱን ለመናገር እኔም ጥያቄው ተገቢ ነው የመሰለኝ።

«እሺ፣ ያለው ኮንትራት ገና አላለቀም። ለምን አሁን ተቻኮሉ?» ብዬ እኔ ጠየቅኩት።

«አሁን ርካሽ ነው» አለኝ ምንም ሳያፍር። «ነገ ኮከብ ከሆነ እጥፍ ይጠይቃል። ክለቡ ሳይወደድበት ልያዘው ብሎ ነው።»

ይህን ስተረጉም የጋሽ በላቸው ፊት ተለዋወጠ። መንገዱን ሙሉ «በዛ፣ በዛ» ሲሉ የመጡት ሰውዬ ጠረጴዛውን መቱት። «ታዲያ ልጄን በግማሽ ዋጋ ሊወስዱት ነዋ!»

«ቢጎዳስ?» አልኩት ኤጀንቱን።

«ቢጎዳም ሙሉውን ይከፈለዋል።»

«ሳይጫወት?»

«ሳይጫወት።»

ጋሽ በላቸው በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «ሰማሽ? ሳትሠራ የሚከፍልህ ማን አለ? ወጥመዱ እሱ ጋ ነው!» ያቺን አንቀጽ አራት ጊዜ አነበብኳት። ምንም የለባትም። ምንም ማጣቴ ራሱ አስጠረጠረኝ።

ናሆም ይህን ሁሉ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ስትሮውን ያጣምማል። በመጨረሻ «ዳድ፣ ፕሊስ... ሌት ሚ ሳይን ቱዴይ» አለ፤ ዛሬውኑ ልፈርም ማለቱ ነው። ያን ያህል መጣደፉ አልጣመኝም።

«አንተ ደግሞ ምን አስቸኮለህ?» አልኩት።

ያ ልጅ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ በአማርኛ ስናወራው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሰው። አሁን ግን ኤጀንቱን በጎን አየት አደረገና፣ እየተንተባተበ በአማርኛ... «ጉልበት... ያመኛል። ማንም አያውቅም» አለ።

አባቱ ወንበራቸውን ወደሱ ሳብ አደረጉ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገና።»

«ሐኪም አይቶሃል?»

«አይ። ሐኪም ካየ... ኮንትራት የለም።»

ኤጀንቱ አንዱንም አልሰማ፤ «ሁሉ ሰላም ነው?» ብሎ ፈገግ አለልን። ስንጥሩን ከሱ ገንፎ ስንፈልግ ከኛው ተገኘ።

ጋሽ በላቸው ወደኔ ዞሩ። «ወረቀት አዋቂዋ አንቺ ነሽ። ምን ይሻላል?»

እውነቱን ልንገራችሁና ፍረዱኝ... ወዲያው የታየችኝ ያቺ አራት ጊዜ ያነበብኳት አንቀጽ ናት። ዛሬ ፈርሞ ነገ ቢታወቅ ገንዘቡ የሱ ነው። «ምንም አትበሉ፣ ዝም ብሎ ይፈርም» አልኳቸው። እስክሪብቶም አውጥቼ ለልጁ አቀበልኩት።

ጋሽ በላቸው እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰዱት። «ልጄ... ይሄን ሁሉ ጊዜ እያመመህ ነው እንዴ ስትሮጥ የነበረው? እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ አጨበጭብልሃለሁ» አሉት። ከዚያ እኔን እንዳላመኑኝ ያስታውቃል፣ በራሳቸው እንግሊዝኛ ለኤጀንቱ ነገሩት። «ማይ ሰን፣ ኒ... ፔይን። ፈርስት ዶክተር። ሳይን... ሌይተር።»

የሰውየው ፈገግታ ጠፋ። ናሆም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ወረቀቱ እስከዛሬ አልተፈረመም። ሐሙስ ኤምአርአይ ይነሳል። ኮንትራቱ ይቆይ ይሰረዝ የሚያውቅ የለም። ናሆም አባቱን አኩርፏል፤ ጋሽ በላቸው ግን ልምምድ ቦታ ድረስ እየሄዱ፣ ልጁ ባያናግራቸውም፣ ሲራመድ አይተውት ይመለሳሉ አሉ።

እኔማ ሌባ ልይዝ ሳን ሆዜ ድረስ ነዳሁ... ይዤ የተመለስኩት ራሴን ነው።