ካሴት የተሳለበት ኩባያ

የንስሐ አባቶቼ ሁለቱ ይህን ሳይሰሙ አርፈዋል። ሦስተኛውም አልሰሙም። ለሚስቴም አልነገርኳት። በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል ቀስ እያልኩ የምጽፈው አፌ እምቢ ስላለኝ ነው፤ አንተ የምታነበው ታገሠኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ኩባያ ነው። የልጄ ልጅ ለፋሲካ ከደብረ ማርቆስ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ካሴት ተስሎበታል፤ ከላይ «የካሴት ዘመን ልጅ ነኝ»፣ ከታች «ወይ ደግ ዘመን!» ይላል። ሱቁ ውስጥ የሰማንያዎቹ ልጅ፣ የዘጠናዎቹ ልጅ የሚል ኩባያ በየመደርደሪያው ሞልቷል አለችኝ። የእኔም በግ የማን እንደሆነች የሚለይ ምልክት ጆሮዋ ላይ አላት፤ እሷ ግን አትኮራበትም። ሦስት ጊዜ ሲታጠብ የሚለቅ ናፍቆት! ካሴት በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሁሉ ለካሴት ዘመን ይተክዛል። ደግ ዘመን? እኔ ነበርኩበት እኮ። እኔ ደግ አልነበርኩም።

ያኔ አማኑኤል ከተማ አጠገብ ባለችው መንደራችን ቴፕ የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ። የጎረቤቴ የእማማ ዘቢደር አንድያ ልጅ፣ ሙሉቀን፣ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። እናቱ ማንበብ እንደማይችሉ ስለሚያውቅ ድምፁን ካሴት ላይ ቀድቶ በሰው ላከላቸው። እሳቸውም ካሴቱን እኔ ዘንድ አስቀምጠው፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየመጡ ቴፑ ፊት ይቀመጣሉ። ልጁ «እማ» ባለ ቁጥር «አቤት ልጄ» ይሉታል። እኔ የባትሪ ድንጋዬ አለቀ እያልኩ በሆዴ አጉረመርማለሁ።

ከዚያ የወንድሜ ሠርግ መጣ። አዝማሪው ስሜን እየጠራ ሲያሞግሰኝ ልቤ አበጠ። ይህ ሙገሳ መቅረት የለበትም አልኩ። ባዶ ካሴት አልነበረኝም። የእማማ ዘቢደርን ካሴት ቴፑ ውስጥ ከተትኩና የመቅጃውን ቀይ ቁልፍ ተጫንኩ። ሰክሬ ነበር እንዳልል ገና አልቀመስኩም። ተሳሳትኩ እንዳልል አውቄ ነው። በዚህ በምጽፍበት ጣት ነው የተጫንኩት። የእናት አንድያ ልጅ ድምፅ ላይ የራሴን ውዳሴ ለጠፍኩ። እንዲህ የሚያደርግ ምን ዓይነት ሰው ነው? እንደኔ ያለ፣ መንደሩ «ደግ ሽማግሌ» የሚለው ሰው።

እሑድ ሲመጡ «ቴፑ በላው» አልኳቸው። 

«አይዞህ ዘለቀ፣ ዕቃ ነው» አሉኝ። «እሱ ራሱ ሲመጣ ያጫውተኛል።»

እሳቸው እኔን አጽናኑኝ! ሙሉቀን አልመጣም።

ዛሬ እማማ ዘቢደር ዘጠናን ተጠግተዋል። በፋሲካው ማግስት ቤቴ መጥተው የልጄ ልጅ በዚያ ኩባያ ጠላ ቀዳችላቸው። ሥዕሉን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩት፤ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይቺ የልጄ ካሴት አይደለችም እንዴ?»

«እንደሷው ናት፣ እማማ።»

ኩባያውን ሳሙት። ያን የሱቅ ኮተት ሳሙት! «ያንተ ቴፕ ባይኖር ድምፁንም ሳልሰማ በቀረሁ ነበር፤ ዕድሜ ይስጥህ» አሉኝ። «እርጅና ክፉ ነው፣ እየጠፋብኝ ነው። አንተ አብረኸኝ ሰምተሃል። መጨረሻው ላይ ምን ነበር ያለኝ?»

«ንገራቸው እንጂ አባባ!» አለች የልጄ ልጅ እየሳቀች።

ምን ልንገራቸው? ያን ሁሉ እሑድ አጠገባቸው ተቀምጬ የማስበው የባትሪ ድንጋዬን ነበር።

«እመለሳለሁ ነው ያለዎ» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ጠጡ። አንዱ አልበቃ ብሎኝ በሟች አፍ ሁለተኛ ዋሸሁ።

አንተ የምታነበው፣ እግዜር ይፍታህ እንዳትለኝ። ይቅር ማለቱ የእማማ ዘቢደር ነው፤ ቤታቸው ከቤቴ ይታያል፣ እኔ ግን እስካሁን አልሄድኩም። ሙሉቀን ለእናቱ ካለው፣ ከ«እማ» በቀር፣ አንዲት ቃል አላስታውስም። አዝማሪው ለእኔ ያለውን ግን አንዲት ሳትጎድል እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ።