በተማሪዬ ቤት ያስጠበቅኋቸው በጎች

ስም ስትጠሩ አንድ ስም ላይ ክፍሉ በድንገት ጸጥ ብሎ፣ ተማሪዎቹ ባዶውን ወንበር ትተው እናንተን አይተዋችሁ ያውቃሉ? እኔን ባለፈው ሚያዝያ አጋጥሞኛል። ዲንሾ፣ ስምንተኛ ክፍል፣ የጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ። ስሟን ጠራሁ፤ መልስ የለም። ደግሜ ጠራሁ። ቀና ስል ሁሉም እኔን ያያሉ።

«ታማለች?» አልኩ።

«ቲቸር፣ ላይ ናት» አለ መጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ።

«ላይ የት?»

«በጎቹ ጋ።»

«የማን በጎች?»

አጠገቡ ያለው በክርኑ ጎሰመው። ግን የተጠየቀ ሰው መመለስ አለበት ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። «የእርስዎ» አለ።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ።

ጎባ ተወልጄ ያደግሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ዲንሾ ስመደብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዓርብ ከሥራ ስወጣ በሚኒባስ ሮቤ እወርዳለሁ፣ ከሮቤ ሌላ ይዤ እናቴ ጋ ለእራት እደርሳለሁ። ደመወዜ ግን ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። የቤት ኪራይ አለ፣ የእናቴ የስኳር መድኃኒት አለ፣ ከዚያ የተረፈው ለምግብ ነው፤ እሱም አይበቃም። በእኛ ትምህርት ቤት ያለ ተጨማሪ ሥራ የሚኖር መምህር የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ቅዳሜና እሑድ ሮቤ ላይ የሰው ባጃጅ ይነዳል። አንዷ ሹራብ ሠርታ ትሸጣለች። አንዱ በአዝመራ ጊዜ ገበሬውን ከኮምባይነር ባለቤቶች ጋር እያገናኘ ኮሚሽን ይቀበላል። እኔም አንድ በአንድ መረመርኳቸው። መንጃ ፈቃድ የለኝም። ሹራብ መሥራት አልችልም። ማስጠናት የምችለው ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከፍሎ የሚያስጠና ወላጅ ያለው ሮቤ እንጂ ዲንሾ አይደለም።

በመምህራን ማረፊያው ከጎኔ የሚቀመጡት አንጋፋ የታሪክ መምህር ስመራመር ሲያዩኝ ሰንብተው፣ «በግ ግዛ» አሉኝ። «በግ የደመወዝ ቀን አትጠብቅም። ዝናብ ከጣለ በልታ ትውላለች።»

ለርቢ መስጠት ማለት ይህ ነው፦ እናት በጎቹን አንተ ትገዛለህ፣ መሬትና ግጦሽ ያለው ሰው ይጠብቃል፣ የሚወለደውን እኩል ትካፈላላችሁ። ከተሜ ከገበሬ ጋር ሲሠራበት የኖረ ውል ነው። ወረቀት የለውም። ሁሉም ነገር የሚቆመው ጠባቂው ሰው ላይ ነው።

«ለማን ልስጥ?» አልኳቸው።

«ለምታምነው።»

ያመንኩት በተማሪዬ በኩል ነው። ልጅቷ በሒሳብ ከክፍሉ የሚስተካከላት አልነበረም። መልሱን ስለምታገኝ ብቻ አይደለም፤ ደረጃ አትዘልም፣ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ስትሄድ ምን እንዳደረገች ሁልጊዜ ትጽፋለች። እንዲህ ያለች ልጅ ያሳደገ ቤት በግ አያጠፋም ብዬ ደመደምኩ። የታሪክ መምህሩ ሳቁብኝ። «አንተ በግ ልትሰጥ ሳይሆን ፈተና ልታርም የምትሄድ ነው የምትመስለው። ለበጎችህም የትምህርት ዕቅድ ሳታወጣ አትቀርም።»

አባቷ ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ፣ በገብስና በበግ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ገበያ አብረውኝ ወጥተው የበጎቹን ጥርስ ራሳቸው እያዩ አራት እናት በጎች አስመረጡኝ። ወደ ቤታቸው ነድተን ስንደርስ በሩ ላይ ቆሙና፣ «ባርሲሳ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። «እነዚህ አማና ናቸው፤ አደራ። የራሴ ከብት ቢጠፋ እኔና አላህ እንነጋገራለን። አማና ቢጠፋ ግን ምን እላለሁ?»

«እንግዲህ የአስተማሪ በግ ነው ብለህ ጠዋት ጠዋት ፊደል አስቆጥራቸው» አሉ እናቷ ከውስጥ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ግባ ልጄ፣ ብርድ ላይ አትቁም» አሉኝ።

ልጅቷ ወተት እያቀረበችልኝ፣ «ቲቸር፣ በሁለት ዓመት ስንት እንደሚሆኑ አስልተዋል አይደል?» አለችኝ።

«አስልቻለሁ።»

«ግማሹ ወንድ ቢሆንስ ብለው አስልተዋል?»

አላሰላሁም ነበር። አባቷ ሳይስቁ ቀሩ፤ እናቷ ግን እስኪያነቡ ሳቁ።

በጋው መልካም አለፈ። ጠቦቶች ተወለዱ። ወደ ጎባ መሄዱን እየተውኩ ቅዳሜ ቅዳሜ እነሱን ለማየት መሄድ ጀመርኩ፤ በማረፊያ ክፍል ላገኘሁት መምህር ሁሉ ርቢ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳ ነበር። በወላጆች ቀን አባቷን በሰው ፊት አመሰገንኩ። ልጅቷንም፣ «ከዚህች ልጅ በላይ ጥንቁቅ ተማሪ አስተምሬ አላውቅም» አልኩ።

ከዚያ ዝናቡ ገባ። በባሌ ደጋ ከመጋቢት በኋላ ገብስ ሲዘራ የመንደሩ ሜዳ ሁሉ ማሳ ይሆናል። ማሳ ውስጥ የገባች በግ ጠብ ታመጣለች፤ ስለዚህ መንጋው ወደ ላይ፣ ብርዱ ወደሚጠናበት ግጦሽ ወጥቶ ገብሱ እስኪታጨድ እዚያ ይሰነብታል። ጎዳንቱ ይሉታል። ባሌ የተወለደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ግን የማውቀው እንደ ጂኦግራፊ ትምህርት ነው። ከመንጋው ጋር ማን ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በዚያ ቀን ከትምህርት በኋላ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አባቷ ዝናብ ያበላሸውን አጥር ያጠብቁ ነበር።

«ልጅቷስ?» አልኩ ሰላምታው ሲያልቅ።

«ደህና ናት፣ አልሀምዱሊላህ። ላይ አክስቷ ጋ ናት፣ ከበጎቹ ጋር።»

«አምና ማን ነበር የወጣው?»

«ትንሹ ልጄ።»

«ዘንድሮስ?»

አጥሩን ትተው ቀና አሉ። «ትንሹ እንቅልፋም ነው። አምና ጠቦት ቀበሮ ወሰደበት። የራሴ ነው፤ ተቆጣሁ፣ አለፈ። ያንተን ለእንቅልፋም ልስጥ? ከቤቱ ጥንቁቋ እሷ ናት። በሰው ፊት የነገርከኝ ራስህ ነህ።»

የተናገርኩት ነበር።

«ፈተናዋ ሰኔ ላይ ነው» አልኩ።

«ገብሱ የሚታጨደው ሐምሌ ነው።»

«ሐምሌ ከሰኔ በኋላ ነው።»

«ይህን አውቃለሁ» አሉ።

ትንሹ ይውጣ፣ ቢጠፉም በእኔ ይሁን አልኳቸው። አማና ቢጠፋ ይሁን አይባልም አሉኝ፤ «አንተ ይሁን ብትል እኔ ፊት አላህ አለ።» ሰው እንቅጠር አልኩ። «ማንን? ጎረምሳው ሁሉ ሮቤ ባጃጅ ላይ ነው።» የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ተናገርኩት።

«እንግዲያው በጎቹን ልውሰዳቸው።»

እናቷ ገብስ የሚያበጥሩበት ሰፌድ ቆመ። አባቷ የአጥሩን እንጨት መሬት አስቀመጡ። «ምን አጎደልንብህ?» አሉ።

በማግስቱ ለታሪክ መምህሩ ነገርኳቸው። ሻያቸውን አስቀመጡ። «አማናን ከጊዜው በፊት መንጠቅ እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? ጠባቂውን ሌባ ነህ ማለት ነው። አገር በሙሉ የሚሰማው እንዲህ ነው።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ተወው። ለሚቀጥለው ዓመት ትፈተናለች።»

«አቋርጣ የተመለሰች ሴት ልጅ ስንት ጊዜ አይተዋል?»

ሻያቸውን እንደገና አነሱ።

አባቷ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ማስረዳት ልማዴ ነው፤ ነገሩን በቅደም ተከተል ካስረዳሁ ይገባቸዋል ብዬ አመንኩ። አንደኛ፣ እርስዎን አልጠረጠርኩም አልኩ። ሁለተኛ፣ በጎቹን የምወስደው ለልጅቷ ትምህርት ስል ነው። ሦስተኛ፣ ጠቦቶቹን በሙሉ ለእናንተ እተዋለሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ጨረስክ?»

«አዎ።»

«ሐሙስ ይደርሱልሃል። ድርሻችንንም ትወስዳለህ። ለድካማችን ካሣ አልጠየቅንም።»

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት በጎቹ በትምህርት ቤቱ በር ገቡ። ፊት ፊት አባቷ፣ ከጎናቸው ለምስክርነት የጠሯቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከኋላ ልጅቷ። ነፋስ ፊቷን አጥቁሮታል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ተማሪው ሁሉ ከየክፍሉ ወጥቶ ከበበን። አባቷ ከትከሻቸው የጠቦት ቆዳ አውርደው እግሬ ሥር ዘረጉት። የርቢ በግ ሲሞት ጠባቂው ቆዳውን ለባለቤቱ ያሳያል፤ ካላሳየ ሸጧት ወይም አርዷት ይሆናል ይባላል። ይህችን ብርድ ነው የገደላት። አንዱ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አንገቷ ላይ ቢላዋ እንዳልነካት አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቁጠር» አሉኝ አባቷ።

«አያስፈልግም፤ አምናለሁ።»

«ብታምን ኖሮ እዚህ አንመጣም ነበር። አስተማሪ ነህ፣ ቁጠር።»

ቆጠርኩ። ከኋላዬ ተማሪዎቼ በሹክሹክታ አብረውኝ ሲቆጥሩ ይሰማኛል። ምንም አልጎደለም።

አባቷ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ በሩ ሲያመሩ ልጅቷን፣ «ሰኞ ክፍል ትመጫለሽ አይደል?» አልኳት።

መሬት መሬት እያየች፣ «ቲቸር፣ እኔን ለምን አልጠየቁኝም?» አለች። «መጽሐፎቹ እኮ ከእኔ ጋር ነበሩ። አክስቴ የፈተናውን ሳምንት እኔ እጠብቅልሻለሁ ብላኝ ነበር። ፈተናው ሲደርስ ለአባቴ ልነግረው ነበር።»

ከበሩ አባቷ ጠሯት። ሄደች።

ሰኞ አልመጣችም። ሳምንቱን ሙሉ አልመጣችም። አባቷን በጠረጠረ ሰው ፊት አትቀመጥም ተብላ ጎሮ ወዳሉ ዘመዶቿ መላኳን ከትንሹ ወንድሟ ሰማሁ። የተመዘገበችው በእኛ ትምህርት ቤት ስለሆነ ጎሮ ሆና መፈተን አትችልም። ርዕሰ መምህሩን ለመንኩ፤ ቤተሰቡን ሄደው አነጋገሩ። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሉ፤ ምንም ቂም የለኝም፣ አውፍ ብያለሁ አሉ፤ ስለ ልጅቷ ሲነሣ ግን ወሬውን ወደ ዝናቡ መለሱት። ይቅርታው እውነት ይመስለኛል። ልጅቷ ግን አልተመለሰችም። በፈተናው ቀን በሌላ ክፍል ፈታኝ ነበርኩ። በእሷ ክፍል መስኮት በኩል ሳልፍ ቁጥሯ የተለጠፈበትን ወንበር አየሁት፤ ማንም አልነበረበትም።

በጎቹን መንገድ ዳር ለቆመ ነጋዴ ሳልከራከር ሸጥኳቸው። የእናቴ የሁለት ወር መድኃኒት ተገዛበት። እናቴ ከየት አመጣኸው ብላ አልጠየቀችኝም፤ መረቀችኝ።

ክረምቱ ሳይወጣ እናቷን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። አላለፉኝም። ቆመው የእኔንም፣ የእናቴንም፣ የትምህርት ቤቱንም ደህንነት ጠየቁ። «ልጄ» ግን አላሉኝም፤ «ባርሲሳ» ነው ያሉኝ።

«ልጅቷ እንዴት ናት?» አልኩ።

«ደህና ናት። ለትዳር ሰው ጠይቋታል።»

«አባቷ ምን አሉ?»

«ኢንሻ አላህ ብሏል» አሉና ቅርጫታቸውን አነሱ።

ይህን የምጽፈው ለመምህራን ነው። ተጨማሪ ሥራ አትሥሩ አልልም፤ በደመወዝ ብቻ መኖር እንደማይቻል ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እኔም አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሮቤ ሄጄ አስጠናለሁ። ርቢም ክፉ ውል አይደለም። እኔ ሰውየውን መርምሬ፣ ግጦሹን መርምሬ፣ የበጎቹን ጥርስ አስመርምሬ ነበር። ያልመረመርኩት ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ነው። አማና የተቀበለ ቤት ደግሞ የሚያስረክበው ለደካማው ልጅ አይደለም፤ ከሁሉ ለሚበልጠው ነው።

በግም ይሁን ዶሮ፣ ማሳም ይሁን ሱቅ፣ ከሰው ቤት ጋር የምትሠሩት ነገር ካላችሁ በዚህ ሳምንት ወደዚያ ቤት ሂዱ። አባወራውን፣ «ሥራውን በእጁ የሚሠራው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «እኛ ነን» ቢሏችሁ በዚያ አትመለሱ፤ ማን እንደሆነ እስኪነግሯችሁ ጠብቁ። ከዚያ ያንን ሰው፣ ልጅም ብትሆን፣ ብቻዋን አግኝታችሁ ምን እንዳሰበች ጠይቋት፤ እናንተ ሳታስረዱ እስክትጨርስ አድምጧት። እኔ አላደረግሁትም። እናንተ ሞክሩት።